ቪታሚን ቢ፣ ሜቲሌሽንና የማይለቅ አባዜ

ከጅቡቲ ከተማ

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ማታ፣ እዚህ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በወደብ የዕቃ ማስተላለፍ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ የአገራችን ሰው የፕላስቲክ ከረጢት አንጠልጥለው ወደ ቤቴ መጡ። ቡና ከቀረበላቸው በኋላ ከከረጢቱ አራት የቪታሚን ጠርሙሶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና፣ «መምህር፣ እርስዎ ሳይንስ ያስተምራሉ። እስቲ ይህ ሜቲሌሽን የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ያስረዱኝ። ልጄ በዚህ ይድናል ብለውኝ ነው የገዛሁት» አሉኝ።

ልጃቸውን አውቀዋለሁ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ማታ ማታ ሒሳብና ኬሚስትሪ አስጠናዋለሁ። አእምሮው ብሩህ ነው። ነገር ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ አንድም ፈተና ጨርሶ አልወጣም። አንዱን መስመር ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ መልሶ ይጽፋል። እጁን በመታጠብ ብዛት ቆዳው ተሰነጣጥቋል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበትና ውኃ በቁጠባ በሚያዝበት በዚህ ከተማ፣ እናቱ ለቤቱ የሞሉት በርሜል እኩለ ቀን ሳይሆን ያልቃል። «ቲቸር፣ በትክክል ጽፌዋለሁ?» እያለ በአንድ ማታ ሃያ ጊዜ ይጠይቀኛል። እኔም ሃያ ጊዜ «አዎ፣ ትክክል ነው» እለው ነበር። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ስሕተት መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

እንዲህ ያለ ተማሪ በየትምህርት ቤታችን አይጠፋም። ስለዚህ ለእኒህ አባት የሰጠሁትን መልስ ጥቂት አስፍቼ ለባልደረቦቼ መምህራን ለማቅረብ ወሰንሁ።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛው ስም ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ ባጭሩ ኦሲዲ የሚባለው ሕመም ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሐሳብ ነው። ሰውየው ሳይፈልገው ወደ አእምሮው እየተመላለሰ ያስጨንቀዋል፦ «እጄ ቆሽሿል»፤ «በሩን አልቆለፍሁም»፤ «ጸሎቴን አሳስቻለሁ»፤ «ሰው ልጎዳ እችላለሁ»። ሁለተኛው ድርጊት ነው። ጭንቀቱን ለማስታገሥ ሲል ይታጠባል፣ ይቈጥራል፣ ይፈትሻል፣ ይደጋግማል፣ ሌላውን ይጠይቃል። ድርጊቱ ለጊዜው ያሳርፈዋል። ይሁን እንጂ አንጎሉ «የዳንሁት ስለታጠብሁ ነው» የሚል ትምህርት ስለሚወስድ፣ ሐሳቡ ተመልሶ ሲመጣ ከበፊቱ የበረታ ይሆናል። አባዜው እየከረረ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ከንጽሕና ወይም ከጥንቃቄ ጋር ማምታታት አይገባም። ሐኪሞች እንደ ሕመም የሚቈጥሩት ሐሳቡና ድርጊቱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስድ፣ ወይም የሰውየውን ትምህርትና ኑሮ ሲያሰናክል ነው። ብዙውን ጊዜ ታማሚው ራሱ ሐሳቡ ትክክል አለመሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን ማወቁ ብቻ አያስጥለውም። ከመቶ ሰዎች ሁለቱ ያህል በዕድሜያቸው ዘመን ይህ ሕመም ያገኛቸዋል። የሚጀምረውም በአብዛኛው በልጅነት፣ በጉርምስናና በወጣትነት ዕድሜ ነው። ስለዚህ 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንድ ቢገኝ ሊያስገርመን አይገባም።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ850 ገደማ እስከ 934 የኖረው ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ፣ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ ይህን የሐሳብ መመላለስ ከሐዘንና ከፍርሃት ለይቶ አስፍሮታል። ጅቡቲ ውስጥ ዛሬም ሰዎች «ወስዋስ» ይሉታል። በእኛም አገር መንፈስ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው የሚል አይጠፋም።

ቪታሚን ቢ እና ሜቲሌሽን

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ እንመለስ። ቪታሚን ቢ አንድ ነገር ሳይሆን የስምንት ቪታሚኖች ቤተሰብ ነው። ለጉዳያችን የሚያስፈልጉን ሦስቱ ናቸው፤ ይኸውም ቢ6፣ ፎሌት (ቢ9) እና ቢ12 ናቸው። በጠርሙስ የሚሸጠው የተለመደ የፎሌት ዓይነት ፎሊክ አሲድ ይባላል።

የሜቲል ቡድን ማለት አንድ የካርቦንና ሦስት የሃይድሮጅን አቶሞች የያዘ ትንሽ ቅንጣት ነው። ሰውነታችን ይህን ቅንጣት ከአንዱ ሞለኪውል አንሥቶ በሌላው ላይ ሲያሳርፍ ሥራው ሜቲሌሽን ይባላል። ቅንጣቷ ትንሽ ብትሆንም የተቀበላትን ሞለኪውል ጠባይ ትለውጣለች፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ካላረፈበት እንደሚለየው ማለት ነው።

ለአባትየው ያስረዳኋቸው በሚያውቁት በጭነት መኪና ምሳሌ ነበር። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ በጋላፊ በኩል ወደ አገር ቤት የሚገባውን መኪና ያስቡ አልኋቸው። ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ተዘጋጅቶ ሲነሣ ኤስ-አዴኖሲል ሜቲዮኒን ይባላል፤ ይህ ጭነቱን የያዘው መኪና ነው። የሜቲል ጭነቱን ካራገፈና ለውጡ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ባዶ መኪና ሆሞሲስቲን ይባላል። ባዶው መኪና እንደገና ይጫን ዘንድ ጭነቱን ይዞ የሚቀርበው ፎሌት ሲሆን፣ ከፎሌት አንሥቶ መኪናው ላይ የሚያስቀምጠው ክሬን ደግሞ ቢ12 ነው። ከባዶዎቹ መኪኖች ከፊሎቹ ወደ ሌላ ሥራ ይሰማራሉ፤ ያን መንገድ የሚከፍተው ቢ6 ነው። ፎሌት ወይም ቢ12 ሲጎድል ባዶዎቹ መኪኖች ይከማቻሉ፤ ማለትም በደም ውስጥ ያለው ሆሞሲስቲን ከፍ ይላል። ይህም በላቦራቶሪ ይለካል።

ይህ ሥራ ከአንጎል ጋር ምን አገናኘው? ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት የነርቭ መልእክተኞች ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ከሚወገዱባቸው መንገዶች አንዱ ሜቲሌሽን ነው። ኖርአድሬናሊን ወደ አድሬናሊን የሚለወጠውም በዚሁ ነው። ሴሮቶኒን የተባለው መልእክተኛ ሲሠራ ደግሞ ቢ6 ያስፈልጋል። ለኦሲዲ የሚሰጡት መድኃኒቶች በሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ «እንግዲያውስ ቪታሚኑን ብንጨምር ሴሮቶኒኑ ተስተካክሎ አባዜው ይለቃል» የሚል አስተሳሰብ ተፈጠረ። ጠርሙሶቹ የተሸጡት በዚህ አስተሳሰብ ነው።

ከሚያስፈልገው እስከሚያድነው

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። «ይህ ቪታሚን ለአንጎል ያስፈልጋልን?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አዎ ነው። «ያልጎደለበት ሰው ቢጨምር ከሕመሙ ይድናልን?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። በሞላ በርሜል ላይ ውኃ ቢያፈሱበት ይፈስሳል እንጂ በርሜሉ አይበልጥም። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው በኬሚስትሪ ሥዕል ሳይሆን፣ ሰዎችን በሁለት ወገን ከፍሎ አንዱን ወገን በቪታሚኑ፣ ሌላውን ቪታሚን በሌለበት ተመሳሳይ ክኒን በመፈተን ነው።

ፈተናውን ያለፈ ቪታሚን ስለ መኖሩ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ የወጣ ጥናት በ7 አገሮች በሚገኙ 33 ማዕከሎች የተካሄደ ሲሆን፣ የተካፈሉት ቀደም ሲል የአከርካሪ ወይም የራስ ቅል መጋጠም ጉድለት ያለበት ሕፃን የነበራቸው 1817 ሴቶች ነበሩ። ከመፅነሳቸው በፊት ጀምሮ በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ በወሰዱት ዘንድ ጉድለቱ የመደገሙ ነገር ከመቶ 72 እጅ ያህል ቀነሰ። ይህ ለአገራችን ትልቅ ቁም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በትግራይ ሆስፒታሎች ከ10,000 ወሊዶች በ131ዱ ላይ ይህ ጉድለት እንደታየ አመልክቷል። ፎሊክ አሲድ በስንዴ ዱቄት ውስጥ ይጨመር የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ለኦሲዲ ግን እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም። ያለውን ባጭሩ እንመልከት።

አንዳንድ ጥናቶች በታማሚዎች ደም ውስጥ ቢ12 ዝቅ፣ ሆሞሲስቲን ከፍ ብሎ አግኝተዋል። ጥናቶቹ ትንንሾች ናቸው። ከዚህም በላይ የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ አይለዩም። ምግብ ሁሉ ቆሽሿል ብሎ የሚፈራ ልጅ ሥጋና ወተት ሲሸሽ ቢ12 ሊጎድለው ይችላል። በዚህ ጊዜ እጥረቱን ያመጣው አባዜው ነው።

ቀድሞ «ቢ8» ይባል የነበረው፣ ዛሬ ግን ከቪታሚን የማይቈጠረው ኢኖሲቶል እ.ኤ.አ. በ1996 በ13 ታማሚዎች ላይ ለስድስት ሳምንት ተሞክሮ ከባዶው ክኒን የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ይሁን እንጂ የተሰጠው መጠን በቀን 18 ግራም ነበር። ይህም ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ቢሆን በቀን 36 ክኒን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በተለመዱት መድኃኒቶች ላይ ተጨምሮ ሲሞከር ግን ልዩነት አልታየም። ኢኖሲቶል ደግሞ የሜቲል ጭነት አቅራቢ አይደለም።

አልፎ አልፎ ሐኪሞች የአባዜ ምልክት ይዞት የመጣ ሰው ቢ12 ጎድሎት አግኝተው፣ ሲታከም እንደተሻለው ጽፈዋል። እንዲህ ያለው ታሪክ ምርመራ ማድረግን ያስተምረናል እንጂ ያልጎደለበት ሁሉ ይውሰድ አያሰኝም።

በገበያ ላይ የዘር ምርመራ አድርጉ የሚሉም አሉ። ጭነቱን ለፎሌት የሚያዘጋጀው ኤንዛይም በብዙ ጤነኛ ሰዎች ዘንድ ሥራው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ይህ በጣም የተለመደ ልዩነት ነው፤ ያላቸውም ሰዎች ተራውን ፎሊክ አሲድ መጠቀም ይችላሉ። ልዩነቱ መገኘቱ ብቻ ለአባዜው ምክንያት ተገኘ አያሰኝም። ሻጮቹና መካሪዎቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ሜቲሌሽኑ ዝቅ ብሏል ለሚሉት ሰው አንደኛው ፎሌት ውሰድ ሲል፣ ሌላው ፎሌት አትንካ ይላል።

ጠርሙሱ ባይጠቅምስ ይጎዳልን?

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቢ6 ለጎልማሳ በቀን 1.3 ሚሊግራም ያህል ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሐኪሞች ብዙ ግራም ቢ6 በየቀኑ ሲወስዱ የቈዩ 7 ሰዎች እግራቸውና እጃቸው ደንዝዞ፣ አካሄዳቸው ተናግቶ እንዳገኟቸው ጽፈዋል። ዛሬ ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠንም፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ፣ ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል ታውቋል። እኔና አባትየው የጠርሙሶቹን ጽሑፍ አብረን ስናነብ፣ ከአራቱ በሦስቱ ውስጥ ቢ6 እንዳለ ተገነዘብን። እያንዳንዱን ለየብቻ ያየ ሰው ድምሩን አያስተውለውም።

ፎሊክ አሲድም በብዛት ሲወሰድ የቢ12 እጥረትን ይሸፍናል። የደም ማነሱ ሲሻል ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ከሁሉም የሚከፋው የጊዜው ጉዳይ ነው። ጠርሙሱ እስኪያልቅ በተጠበቀባቸው ወራት አባዜው ሥር ይሰድዳል፤ የትምህርት ዘመኑም ያልፋል።

ስለ ማዕዳችን

ይህ ሲባል ምግብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ፎሌት በምስር፣ በሽምብራ፣ በባቄላ፣ በጎመንና በጉበት ውስጥ ይገኛል። ጎመን ብዙ ከተቀቀለና ውኃው ከተደፋ ፎሌቱ ይቀንሳል። ቢ12 ግን በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በወተትና በእንቁላል ነው። ጉበት ለብዙ ጊዜ የሚበቃ ቢ12 ስለሚያከማች ጤነኛ ሰው በአንድ የጾም ወራት አይጎድለውም። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቅ፣ የጨጓራ ወይም የአንጀት ሕመም ያለበት፣ ወይም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን ቢመረመር ይበጀዋል። ጅቡቲ ውስጥ ዓሣም የግመል ወተትም ስለሚገኝ፣ ለአንድ ጤነኛ ልጅ ቢ12ን ከማዕድ ማግኘት አያስቸግርም።

የተፈተነው ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ለንደን ውስጥ፣ ታማሚዎች የሚፈሩትን ነገር እንዲነኩና ከዚያ በኋላ ከመታጠብ እንዲታቀቡ በማድረግ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ዛሬ ለኦሲዲ ከሁሉ በፊት የሚመከረው የንግግር ሕክምና ከዚህ የመነጨ ነው። ሥራው የሚከናወነው በደረጃ ነው። ታማሚው ከሚፈራው ትንሹን ነገር ይመርጣል፤ ለምሳሌ የበር እጀታ ይነካል። ከዚያ ሳይታጠብ ይቈያል። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይወጣል፤ ሳይታጠብም ራሱ እየበረደ ይወርዳል። አንጎሉ ቀድሞ የወሰደውን የተሳሳተ ትምህርት የሚያርመው በዚህ ዓይነት ነው። መምህር የሆነ ሁሉ ይህን በቀላሉ ይረዳል፤ ሥራው የማስተማር ሥራ ነውና።

ከመድኃኒት ወገን እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ በሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶችና ቀደም ብሎ የተገኘው ክሎሚፕራሚን በፈተና ተረጋግጠዋል። ክሎሚፕራሚን በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለዚሁ ሕመም ተመዝግቧል። ውጤታቸው በአንድ ሳምንት አይታይም፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የሚያዘውም፣ መጠኑን የሚወስነውም ሐኪም ብቻ ነው። በአገራችን የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ደጅ መስሎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ስለጀመረ፣ ደጁ ቀስ በቀስ ሰፍቷል። ጠበል የሚጠመቅም ሆነ ቁርአን የሚቀራለት ቤተሰብ እምነቱን ሳይተው ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የመምህሩ ድርሻ

መምህር ሐኪም አይደለም። ቢሆንም ከወላጅ ቀጥሎ ልጁን በየቀኑ የሚያየው እርሱ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድናስብባቸው አሳስባለሁ።

ሀ) ደጋግሞ የሚያጠፋን፣ ፈተና የማይጨርስን፣ ከመጸዳጃ ቤት ቶሎ የማይመለስን ተማሪ ሰነፍ ወይም አስመሳይ ከማለታችን በፊት ለብቻው ጠርተን እናነጋግረው። በክፍል ፊት ግን አናንሣው።

ለ) «ትክክል ነው ወይ?» እያለ ሲመላለስ፣ አንድ ጊዜ ከመለስንለት በኋላ መልሱን አንደጋግም። የእኔ ሃያ ጊዜ «አዎ» ማለት እጅን ሃያ ጊዜ እንደ መታጠብ ነበር። «ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው አባዜው ነው፤ አብረን እንለፈው» ማለት ይሻላል። በቁጣ ሳይሆን በርጋታ፣ ከወላጅና ከሐኪም ጋር በመመካከርም ይሁን።

ሐ) በፈተና ጊዜ ለብቻው ማስቀመጥና ጥቂት ደቂቃ መጨመር ሊረዳው ይችላል። ይሁን እንጂ እየቈየ የሚቀነስ እርዳታ ይሁን እንጂ ለአባዜው ማረፊያ አይሁን።

መ) ወላጅ ስለ ቪታሚን ሲጠይቀን ሦስት ጥያቄ እንመልስለት፦ በደም ምርመራ እጥረት ታይቷልን? መጠኑ በጠቅላላ ስንት ነው? ይህን ሲወስድ የተፈተነው ሕክምና ተቋርጧልን?

ሠ) ተማሪው ተስፋ የመቁረጥ ወይም ራሱን የመጉዳት ቃል ከተናገረ ለነገ ሳንል በዚያው ቀን ከወላጅ ጋር ወደ ሐኪም እናድርሰው።

አባትየው ያን ማታ ጠርሙሶቹን ወደ ከረጢታቸው መልሰው፣ «እንግዲያው ገንዘቤ ባከነ ማለት ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የደም ምርመራው ይናገር» አልኋቸው። ልጁ ተመረመረ፤ ቢ12ም ሆነ ፎሌት አልጎደለውም። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ልምምድም አስጀመረው። በቤትም በእኔም ዘንድ ልምምዱን እንድናግዘው ተነገረን። መልስ መደጋገም ያቆምሁ ሰሞን ልጁ ተቈጣኝ፤ አንድ ማታም ደብተሩን ዘግቶ ሄደ። በማግሥቱ ግን ተመለሰ።

ዛሬ ፈጽሞ ድኗል ለማለት አልችልም። አሁንም አንዳንድ ቀን በርሜሉ ቶሎ ያልቃል። በመጨረሻው የኬሚስትሪ ፈተና ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ድረስ ጽፎ ወጥቷል። ወረቀቱን ሳርም በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ የተሳሳተ ቃል አገኘሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ሰርዞት፣ አጠገቡ ትክክለኛውን ጽፎ አልፎታል።